ያረገዘ አይታረድም

ባለፈው ጥር ወር ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ሁለታችንም ሞጣ ተወልደን ሞጣ ያደግን ሰዎች ነን፤ እርሱ ከሀገር ከወጣ ግን ብዙ ዓመት ሆኖታል። የደወለው የቤተሰብን ጤንነትና የሀገርን ሰላም ለመጠየቅ ቢሆንም፣ ወሬው ሄዶ ሄዶ ዓሣ ላይ አረፈ። አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ካፖርታቸውን ደራርበው፣ በቴምስ ወንዝ ዳር መንጠቆ ጥለው የሚቆሙ ሰዎችን ማየቱን ነገረኝ። ወንዙ ከተማውን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ወደ ከተማው ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጎድሎ ይመለሳል። ሰዎቹም ያንን ሰዓት ጠብቀው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። «እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው? በክረምት ዓሣ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን አቋርጦ «ለነገሩ እኛስ በክረምት አልነበር የምናጠምደው?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ስልኩ ተቋረጠ። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ዛሬ ላወጋችሁ ወደድኩ። ዘወትር ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች በሚወራበት ስፍራ ስለ ዓሣ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ቀልድ አይደለም። እንደ እኔ እምነት፣ አንድ መንግሥትና አንድ ሕዝብ ምን ያህል አርቀው እንደሚያስቡ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ የሌለውን ፍጥረት እንዴት እንደሚይዙ ቢመለከት ይበቃዋል። ከዓሣ ይልቅ ድምፅ የሌለው ደግሞ ምን አለ?

ሁለቱ ክረምቶች

የፈረንጁ ክረምት የብርድ ወራት ነው፤ የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነው። ልዩነቱ በአየሩ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

በእንግሊዝ ሀገር ወንዞች ላይ፣ ከሳልሞንና ከትራውት ወገን ያልሆኑትን የወንዝ ዓሦች ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ማጥመድ ክልክል ነው። ያ ወቅት አብዛኞቹ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ጊዜ ነውና። ክልከላው ትናንት የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 በሕግ የተደነገገ ነው። እንግዲህ በጥር ብርድ መንጠቆ ይዞ የሚቆመው ሰው እብድ አይደለም። ዓሣው በማይራባበት ጊዜ አጥምዶ፣ በሚራባበት ጊዜ እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው።

እኛ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በእኛ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ወንዞቻችን ሲሞሉ ዓሣው ከሐይቁና ከትልቁ ወንዝ ወጥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባሮቹ ይወጣል። ተሰብስቦ፣ ተጨናንቆ፣ በጠባብ አፍ በኩል ያልፋል። እኛም መረባችንን የምንዘረጋው እዚያው አፉ ላይ፣ በዚያው ሰሞን ነው። እነርሱ በክረምት የሚያጠምዱት ዓሣው ስላላረገዘ ነው፤ እኛ በክረምት የምናጠምደው ዓሣው ስላረገዘ ነው። ለአክስቴ ልጅ ያልመለስኩለት መልስ ይኸው ነው።

ደግሞ ቴምስ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወንዙ ሕይወት አልባ መሆኑን ተናግሮ ነበር። የከተማው ቆሻሻ ገድሎት ነበርና። የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ተሻሽለው፣ ሕጉ ጠብቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከብዙ ዘመን በኋላ ሳልሞን ተመልሶ ተገኘበት። የሞተ ወንዝ እንኳ ሰው ከፈለገ ይነሣል ማለት ነው።

የአዝዋሪ ትዝታ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ከጮቄ ተራራ ወርደው ወደ ዓባይ የሚገሰግሱትን ወንዞች ያውቃቸዋል። ቢቸና አቅራቢያ ሱሃ አለ፤ ሞጣ አቅራቢያ አዝዋሪ አለ። በበጋ እግር የማያረጥቡ፣ በክረምት ደግሞ በሬ ከነቀንበሩ የሚወስዱ ናቸው። ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦት ሳለ፣ እኛ ግን ዓባይን የምናውቀው በወሰንነቱ እንጂ በምግብነቱ አልነበረም። ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ ሰው የሚያስበው እንዴት እንደሚሻገር ነው እንጂ በውኃው ውስጥ ምን እንዳለ አይደለም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፤ ዓሣም አልቀመሰም ብንል ውሸት አይሆንም።

ልጆች ግን ዓሣ እናውቅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውኃው ጎደል እንዳለ የብርብራ ፍሬ ለቅመን፣ በድንጋይ ወቅጠን፣ በአዝዋሪ ቆሬ ውስጥ በተንነው። ብርብራ ለቡና ጥላ የሚሆን ደግ ዛፍ ነው። ፍሬው ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ዓሣው በውኃ ውስጥ እያለ አየር እንዳጣ ሰው ያደርገዋል። ጥቂት ቆይቶ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። እኛ ትልልቆቹን ለቀምን። ጥፍር የሚያካክሉትን ጫጩቶች ውኃው ወሰዳቸው፤ ማንም አልቆጠራቸውም።

አያቴ በዕድሜዋ ዓሣ ቀምሳ የማታውቅ፣ ድስቷንም ለዓሣ የማትሰጥ ሴት ነበረች። ያመጣሁትን አይታ ተጸየፈች። ግን አንዱን በቢላ ስሰነጥቀው ከሆዱ ቢጫ እንቁላል ሲፈስ ባየች ጊዜ መጸየፏን ትታ ቀረበች። እንቁላሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም «ልጄ፣ ያረገዘ ይታረዳል እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ገበሬ ምንም ቢቸገር ያረገዘች ላሙን እንደማያርድ የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ይህ ሥርዓት ወደ ውኃው ወርዶ ዓሣውንም እንደሚመለከት ግን ከእርሷ በቀር የነገረኝ አልነበረም።

ጣና ላይ የሆነው

የእኔ የልጅነት ጥፋት በአንድ ቆሬ የቀረ ነው። በጣና የደረሰው ግን የዓለም ጉዳይ ነው። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉ ዓሦች ሽቅብ እንዳይወጡ አጥር ሆኖ ኖሯል። በዚህም ምክንያት በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባለው፣ በገበያችን ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን፣ በጣና ውስጥ ብቻውን ተዋልዶና ተለያይቶ ቢያንስ 15 ዝርያ ሆኗል። አንዱ ዓሣ አዳኝ ነው፤ ሌላው ቀንድ አውጣ ይበላል፤ ሌላው ከጭቃ ይለቅማል። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ገልዳ፣ ወደ መገጭና ወደ መሰል ገባር ወንዞች እየወጡ እንቁላል የሚጥሉ ናቸው።

እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ውስጥም ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዚያ ሐይቅና በሚወጣው ወንዝ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 15 ዝርያዎች ከምድረ ገጽ መጥፋታቸውን አስታውቋል። ከሌላ ስፍራ የመጡ አዳኝ ዓሦችና ልክ ያጣ ማስገር ጨረሷቸው። ስለዚህ የጣናው ለዓለም የቀረ የመጨረሻው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣናም ወደዚያው መንገድ ገብቷል። ለዘመናት በሐይቁ ላይ የሚሰገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ በአብዛኛው በዳርቻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት በተገኘ ድጋፍ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ድሃውን አስጋሪ መርዳት። ይሁን እንጂ የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ያለውን ጊዜ አነጻጽረው እንዳሳዩት፣ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ቀነሰ፤ የታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ። ዋናውን ምክንያት ሲናገሩም መራቢያ ወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ነው የጠቀሱት። ልጅ የሌለው ቤት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ችግሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ አልሆነም። በ1988 ዓ.ም. በጨረጨራ በር ተሠርቶ የሐይቁ ውኃ በሰው እጅ የሚያዝ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የቴምስን ውኃ ባሕሩ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ በባሕር ዳር ከተማ መካከል የሚያልፈውን ዓባይ ደግሞ በር ከፋች። በርብ ወንዝ ላይ የተገነባው ግድብ ለመስኖው ጥቅም አለው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን ግንብ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው ደለል የእንቁላል መጣያውን ጠጠር ይሸፍናል። ዓሣው በዚህ ሁሉ መካከል አልፎ ወንዙ አፍ ሲደርስ መረብ ይጠብቀዋል።

ሕጉ የት አለ?

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ቃላቱ መልካም ናቸው። የጎደለው በሐምሌ ዝናብ፣ በሌሊት፣ በጉማራ አፍ ላይ ቆሞ ሕጉን የሚያስታውስ ሰው ነው።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይላል ያገሬ ሰው። በሀገራችን የልማት ዘገባ የሚለካው በተገኘው ኩንታልና ቶን ነው። ዘንድሮ ይህን ያህል ቶን ዓሣ ተመረተ ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንቁላል የያዘ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ዓሣን «ማምረት» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስተናል። ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ለዘር ያስቀራል። ለዘር ሳያስቀር የሚወስድ ሰው አምራች አይባልም፤ ሌላ ስም አለው።

በዚህ ላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ቢቸናንና ሞጣን ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አናውጧል። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ስፍራ የመረብ ቀዳዳ ስፋት ሊለካ የሚወርድ ባለሙያ አይገኝም፤ ይውረድም ብዬ አልፈርድበትም። ሰላም ከሌለ የሰው ሕይወት እንኳ ጠባቂ የለውምና።

የቢቸናዎቹ ልጆች

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ አድርጌ መናገር አልሻም። ወጣት መምህር ሳለሁ ሁለት ዓመት ቢቸና ሠርቻለሁ። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ሰሞን፣ ዓሣ በቀጭን እንጨት ሰክተው መንገድ ዳር የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ተማሪዎቼ ናቸው። እኔን ሲያዩ አፈሩ። ለምን እንደሚሸጡ ስጠይቃቸው «ለደብተር ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። ዓሣው እንቁላል የያዘ መሆኑን ከሆዱ አየሁ። የአያቴ ቃል ትዝ አለኝ። ሆኖም ገዛኋቸው። ምን ልላቸው እችል ነበር? ያለ ደብተር ተማሩ?

ክረምት ለገበሬው ጎተራው የሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት የከፋ ጊዜ ነው። ዓሣው የሚያረግዝበትና ሰው የሚራብበት ወር አንድ ሆኖ መገጣጠሙ የዚህ ነገር ትልቁ ፈተና ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ደግሞ ኑሯቸው ከጥንት ጀምሮ በደንገል፣ በታንኳና በዓሣ ላይ የቆመ ነው። በሚበሉት ምክንያት ለዘመናት ሲገለሉና ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማስገር ይከልከል ብለን ስንነሣ፣ ትናንት በሚበሉት ምክንያት ያገለልናቸውን ሰዎች ዓሣ ስለሠገሩ ልንቀጣቸው ነው ማለት ነው። ክፍያው በእነርሱ ላይ ብቻ የሚወድቅ ሕግ ፍትሐዊ አይደለም፤ ስለማይከበርም ጠቃሚ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን አስባለሁ።

አንደኛ፣ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አልልም። የሚዘጉት የመራቢያ ወንዞቹና አፎቻቸው ይሁኑ፤ ጊዜውም ከሐምሌ እስከ መስከረም። አስጋሪው በቀረው የሐይቁ ክፍል ቀረሶና አምባዛ እያወጣ ኑሮውን ይግፋ።

ሁለተኛ፣ ቁጥጥሩ ከታንኳው ሳይሆን ከገበያው ይጀምር። ዓይነ ጠባቡን የናይለን መረብ የሚያስገቡትና የሚያከፋፍሉት ነጋዴዎች ከአስጋሪዎቹ ይልቅ ጥቂት ናቸው፤ ለመያዝም ይቀላሉ። ድሃውን ታንኳው ላይ ከማሳደድ መጋዘኑን ማየት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በእነዚያ ወራት ወንዙን ላልነካ ሰው ካሳ ይከፈለው። ለችግኝ ተከላና ለእርከን ሥራ ቀን ሠራተኛ የሚቀጠርባት ሀገር፣ ወንዝ ለሚጠብቅ የሦስት ወር ደመወዝ መክፈል አያቅታትም። ትናንት መረብ ይጥል የነበረው ሰው ከማንም በላይ ዓሣው የት እንደሚያልፍ ያውቃልና ጥሩ ጠባቂ ይሆናል።

አራተኛው እኛን፣ የከተማ ሰዎችን ይመለከታል። የነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ከዓሣው መራቢያ ጊዜ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንት ነው፤ እኔ አልገባበትም። የሚበላው ግን ብዙ ነው፤ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶችም ይህን አውቀው ያዘጋጃሉ። ነጭ ዓሣን በነሐሴ ያልጠየቀ ሰው፣ ያለ አንድ ፖሊስ፣ ያለ አንድ አዋጅ፣ በጉማራ አፍ ያለውን መረብ በጥቂቱ ይሰበስባል። ለነገሩ ጾም ማለት የተፈቀደውንም መተው አይደለምን?

«ሕዝብ በሚሞትበት ሀገር ስለ ዓሣ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይኸው፦ ጦርነቱ አንድ ቀን ያበቃል፤ የማያበቃ ጦርነት የለም። ያን ቀን ከየጫካውና ከየስደቱ የሚመለሰው ወጣት ሥራ ይፈልጋል። ምድሪቱ ተከፋፍላ አልቃለች። የቀረን ውኃው ነው። ዓባይ ላይ ታላቁን ግድብ ገንብተን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. አስመርቀናል፤ ከኋላውም ንጋት ብለን የሰየምነው ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። በጣና ላይ መጠበቅን ያልተማረ ሕዝብ በንጋት ላይ ከየት ይማራል? በጣና የሆነው እዚያም ይደገማል፤ ያውም በፍጥነት።

የሱሃም የአዝዋሪም ውኃ በመጨረሻ የሚገባው እዚያው ነው። ከጮቄ ታጥቦ የሚሄደው አፈርም እንዲሁ። የቢቸናና የሞጣ ሰው ይህ የሐይቅ ዳር ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በየቆሬው ብርብራ የሚበትነውን ልጅ የሚመልሰው የፌዴራል አዋጅ አይደለም፤ የዕድር ሽማግሌ፣ የሰንበቴ ጉባኤ፣ የአጥቢያ ካህንና አያት ናቸው። እኔን ያስቆመችኝ አያቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓሣም አልበላችም። ነገር ግን በዚያች አንዲት ጥያቄዋ ከአዋጅ ቁጥር 315 ይልቅ ለእኔ ሕግ ሆናኛለች።

ለአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ደወልኩለት። መልሱን ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ብርብራውን የወቀጥኩት እኮ እኔ ነበርኩ» አለኝ። እኔ ረስቼው ነበር፤ እርሱ ግን ከነድንጋዩ ያስታውሰዋል። ሁለታችንም ብዙ ሳንናገር ስልኩን ዘጋን።

መጪው ክረምት ከሰላም ጋር ይምጣልን። ቸር ይግጠመን።